ኩሽኔታና ግራሶ በጎጃም መንገድ

የመኪና ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ሞተሩ ጉልበት፣ ስለ መንገዱ ርዝመትና ስለ ድልድዩ ከፍታ ነው። ከቸርኬው በስተጀርባ በጨለማ ውስጥ የሚሠራው ኩሽኔታ ግን ካልተሰበረ በቀር ስሙ አይነሣም። ይሁን እንጂ ከደጀን ተነሥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫ፣ በጅጋ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ባሕር ዳር የሚደርሰው ጭነት ሁሉ፣ የጤፉም፣ የበቆሎውም፣ የበርበሬውም፣ የመንገደኛውም ክብደት ወደ መሬት የሚተላለፈው ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ በዚህ ብረት በኩል ነው።

የሙያው ቃላት ራሳቸው የታሪክ ምስክሮች ናቸው። በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ከአንድ ጋራዥ ደጃፍ ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው በአንድ ጥዋት ውስጥ ኩሽኔታ፣ ግራሶ፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን ሲባል ይሰማል። እነዚህ ሁሉ ከኢጣልያንኛ የተወረሱ ናቸው። ሾፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከእነርሱ ጎን ለጎን ግን መሪ፣ እግር፣ ተሳቢና ረዳት የሚሉት የአገሩ ቃላት ይሰማሉ። ዕቃው ከውጭ ስሙን ይዞ መጣ፤ ዕቃውን የሚጠብቀው ሰውና የሚጠብቅበት ትጋት ግን ከውጭ አልመጣም። የጎጃም መንገድ የቆመው በጥርጊያውና በድልድዩ ብቻ ሳይሆን፣ ኩሽኔታን በጊዜው ፈትቶ፣ አጥቦ፣ ቀብቶ በሚመልስ የእጅ ልማድም ጭምር ነው። ይህ ልማድ በተዘነጋ ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ የብረት ዋጋ ብቻ አይደለም።

ከበቅሎ ጀርባ እስከ መንኮራኩር

ጎጃም ከመኪና በፊትም ከንግድ የተገለለ አገር አልነበረም። ከእናርያና ከዙሪያዋ የሚመጣው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ዓባይን ተሻግሮ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ይወጣ ነበር፤ በምላሹም የአሞሌ ጨው ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በቅሎና አህያ ነበሩ። የሲራራ ነጋዴ ሀብት በጭነቱ ብቻ ሳይሆን በከብቱ ጀርባ ጤንነት ይለካ ስለ ነበር፣ ጭነት በተራገፈ ቁጥር ጀርባውን መመልከት፣ ላቡን ማድረቅ፣ ገጣባ እንዳይወጣ መጠንቀቅ የማይታለፍ የማታ ሥራ ነበር። ጭነት ከሚያርፍበት ስፍራ ላይ ዐይን አለመንቀል የሚለው ደንብ እንግዲህ ከመኪና በፊት የነበረ ደንብ ነው።

መንኮራኩርም ቢሆን ለሕዝቡ እንግዳ ቃል አልነበረም። በሕዝቅኤል ራእይና በቅዱስ ጊዮርጊስ ገድል ውስጥ ስሙ ይነበባል። የጠፋው ቃሉ ሳይሆን መንኮራኩሩ የሚሽከረከርበት መንገድ ነበር። ተራራና ገደል በበዛበት አገር አራት እግር ያለው ከብት ከማንኛውም ሠረገላ ይበልጣልና።

በዚህ አገር ከባድ ጭነት በመንኮራኩር ለማጓጓዝ ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ የታወቀው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የተደረገው ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያፈሰሱት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው ይህን መድፍ በሠረገላ እያስጎተቱ፣ በፊቱ መንገድ እያስጠረጉ፣ የጂዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ወርደውና ወጥተው መቅደላ የደረሱት በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ነው። ግማሽ ዓመት ያህል መሆኑ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሡ የዐይን ምስክሮች ጽፈዋል። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት አለፈ፤ መድፉ ግን ዛሬም በዚያው በመቅደላ ይገኛል።

ከዚህ ታሪክ ለመካኒክ የሚተርፍ ትምህርት አለ። ኩሽኔታ በሌለው ሠረገላ ላይ አክሰሉ በመንኮራኩሩ እምብርት ውስጥ እየተፋተገ ይሽከረከራል። ስብ ወይም ቅባት ያገኘ ተፋታጊ አካል እንኳ የሚያስከትለው ሰበቃ የጭነቱን ከ100 እጅ 5 እስከ 10 ያህል ነው። ቅባቱ ሲያልቅ ወይም አፈር ሲገባበት ይህ መጠን ብዙ እጥፍ ይጨምራል። በሚንከባለል ኩሽኔታ ላይ ግን ሰበቃው ከ1000 እጅ 1 እስከ 5 ብቻ ይሆናል። በጋፋትና በመቅደላ መካከል የሰው ጉልበት የታገለው ከአቀበቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእምብርቱም ጋር ነበር ማለት ነው።

ኩሽኔታ በዓለም

በሸክምና በወለል መካከል የሚንከባለል ነገር አግብቶ ሰበቃን መቀነስ ጥንታዊ አሳብ ነው። በኢጣልያ አገር በኔሚ ሐይቅ ውስጥ ሰጥመው የነበሩት የሮማው ቄሣር የካሊጉላ መርከቦች እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ሐይቁ ተመጥጦ በወጡ ጊዜ፣ በነሐስ ኳሶች ላይ የሚዞር መድረክ ፍርስራሽ ተገኝቶባቸዋል። መርከቦቹ እ.ኤ.አ. በ1944 በጦርነቱ ዘመን በእሳት ጠፍተዋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺም በ15ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኳሶቹ እርስ በርሳቸው እንዳይፋተጉ የሚለያቸውን ቀፎ በሥዕል አሳይቷል።

ለሠረገላ እግር የታሰበው የመጀመሪያው የኳስ ኩሽኔታ ፈቃድ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1794 ለዌልሳዊው ብረት ሠሪ ለፊሊፕ ቮን ነው። ነገር ግን አሳቡ በፋብሪካ ሊሠራ የቻለው ብረቱን ፍጹም ክብ አድርጎ መሞረድ ሲቻል ነበር። ይህንንም እ.ኤ.አ. በ1883 በጀርመን አገር በሽዋይንፉርት ከተማ ፍሪድሪክ ፊሸር በሠራው የኳስ መሞረጃ መኪና ፈታው። በ1907 ስዊድናዊው ስቬን ቪንግክቪስት አክሰል ቢጣመም ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ፈለሰፈ፤ ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው ኩባንያም በዚሁ ምክንያት ተቋቋመ።

ለጭነት ተሽከርካሪ ከሁሉ የሚበልጠው ፈጠራ ግን የሾጣጣው ኩሽኔታ ነው። ፈጣሪው ሄንሪ ቲምክን በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ ሠረገላ ሠሪ ነበር። ያስቸገረውም የመኪና ጉዳይ ሳይሆን በበቅሎ የሚጎተቱ ከባድ የጭነት ሠረገላዎች ጉዳይ ነበር። ሠረገላው መታጠፊያ ላይ ሲዞር ሸክሙ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይገፋል። ሾጣጣ ጥርሶች ያሉት ኩሽኔታ ሁለቱንም ግፊት በአንድነት ይሸከማል። ፈቃዱ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1898 ማለትም ከዐድዋ ድል 2 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጎጃም ዳገት የሚወጣውን መኪና የሚሸከመው ሾጣጣ ኩሽኔታ መጀመሪያ የታሰበው ለበቅሎ ጉልበት ነበር።

መኪና በጎጃም

ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረች ጊዜ ፊያትና ላንቻ የተባሉት ከባድ የናፍጣ መኪናዎች አብረው ገቡ። ከእነርሱም መካከል ፊያት 634 ኤንና ላንቻ ሮ ይገኙ ነበር። ወራሪው ጦር ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ቡሬን፣ ዳንግላንና ባሕር ዳርን ምሽጎች አድርጎ፣ ምሽጎቹንም በመኪና መንገድ አገናኘ። መንገዱ የተሠራው ለገበሬው ገበያ አልነበረም፤ ለጦር ስንቅና ለጥይት ነበር። ሆኖም በዚያው መንገድ ላይ መኪና የሚጠግኑ ጋራዦች ተተከሉ። ቃላቱም በጋራዦቹ ውስጥ ቁልፍ አቀባይና ዕቃ አጣቢ ሆነው ከሚሠሩት ሰዎች ጆሮ ገቡ።

የጎጃም አርበኞች በእነደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ በእነደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና በእነበላይ ዘለቀ መሪነት ሲነሡ የወራሪው ኃይል በምሽጎቹና በምሽጎቹ መካከል ባለው መንገድ ተወሰነ። በዚህ ጊዜ የመኪናው ብርታትና ድክመት አብረው ታዩ። መኪና ብዙ ይጭናል፤ ግን ከጥርጊያው ሊወጣ አይችልም። በቅሎ ጥቂት ትጭናለች፤ ግን በየትም ትሄዳለች።

የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ይህንኑ በሌላ በኩል አሳየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ሲያመሩ ጭነት መኪናዎች ሞክረው ብዙዎቹ በመንገድ ቀሩ። የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ይመራው የነበረው የጌዴዎን ጦር ስንቁን ያጓጓዘው በ15,000 ያህል ግመሎች ነበር። ከእነዚህ ሁሉ በሕይወት አዲስ አበባ የደረሱት ከ50 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ እንደ ነበሩ ተመዝግቧል። የቆላ እንስሳ በደጋ ዳገት፣ ያለ በቂ ዕረፍት፣ በጀርባ ቁስልና በረኃብ አለቀ። የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ቡሬን ለቆ በመኪናው መንገድ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ፤ ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። የጦር አዛዦች ይህን ዘመቻ በስልት ይመዝኑታል። ጭነትን በሚያውቅ ሰው ዐይን ሲታይ ግን ግመሎቹ ያለቁት ሸክም የሚያርፍበትን ስፍራ ለመንከባከብ ጊዜ ስላልነበረ ጭምር ነው።

ከነጻነት በኋላ መንገዱ በመሣሪያም በመሥሪያ ቤትም አዲስ ዘመን ገባ። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ ተቋቋመ። ወራሪው ትቷቸው የሄዱት መኪናዎች የአገሩ ባለሙያ እጅ ገቡ። በኋላም ፊያት 682 ኤን 3 ከነተሳቢው በመላ ኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ለብዙ ዓመታት ነገሠ፤ ሕዝቡም «ኤንትሬ» ብሎ በስሙ ጠራው። ወራሪ ያመጣው መኪና የእህል ማጓጓዣ፣ ወራሪ ያመጣው ቃልም የእንጀራ ቃል ሆነ።

ሙቀት፣ ውሃና ግራሶ

የጎጃም መንገድ ለኩሽኔታ ሁለት ፈተናዎችን ያቀርባል። አንዱ የዓባይ በረሃ፣ ሁለተኛው የክረምቱ ውሃ ነው። ጭነት መኪና ከጎሐ ጽዮን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ድልድዩ ዘንድ ሲደርስ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያም ተመልሶ እስከ ደጀን ይወጣል። በቁልቁለቱ ፍሬኑ ይግላል፤ የፍሬኑም ግለት ወደ እግሩ እምብርት ይሻገራል። ደጋውን ከወጣ በኋላ ደግሞ ወደ ዓባይ የሚወርዱት ተምጫ፣ ብር፣ ላህና ፈጣም አሉ። በድልድይ በሚሻገሩበት በዋናው መንገድ ላይ እንኳ ጎርፍና ጭቃ አይቀርም። ወደ እርሻ በሚገቡት ጥርጊያዎች ላይ ግን መኪናው ራሱ ውሃ ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው።

የጋለ እምብርት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በቀላል ስሌት ማወቅ ይቻላል። በእምብርቱ ውስጥ የተዘጋው አየር 80 ዲግሪ ሙቀት ኖሮት በድንገት ወደ 20 ዲግሪ ቢወርድ መጠኑ በ6ኛ ያህል ይቀንሳል። ውስጡ ባዶነት ሲፈጠር በላስቲኩ ማሸጊያ ዙሪያ ያለው ውሃ ወደ ውስጥ ይሳባል። በዓባይ በረሃ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በደጋው ላይ 75 ኪሎ ፓስካል ያህል የነበረው የአየር ግፊት ከሸለቆው ሥር 90 ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የወረደ መኪና በሸለቆው ውስጥ ቆሞ ሲቀዘቅዝ የውጪው አየር ወደ እምብርቱ ለመግባት ከወትሮው የበለጠ ይገፋል። አቧራም ውሃም የሚገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ያረጀ ማሸጊያ ይህን ሊከለክል አይችልም።

ይህ ችግር ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጀልባ በሚጭን ተሳቢ ላይ ነው። ተሳቢው በአስፋልት እየበረረ ከሐይቅ ዳር ይደርሳል፤ እግሩ ገና እንደ ጋለ ጀልባውን ለማውረድ እስከ እምብርቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ይገባል። በሌላ አገር የጀልባ ባለቤቶች ለዚህ መፍትሔ አድርገው የያዙት ግራሶውን በስፕሪንግ እየገፋ ከውጪው ውሃ ትንሽ የበለጠ ግፊት በውስጥ የሚያኖር ክዳን ነው። መርሑ ለሁሉም ያገለግላል፦ እምብርቱ ባዶ ስፍራ ካለው ባዶውን ውሃ ይሞላዋል።

የግራሶውም ዓይነት የራሱ ታሪክ አለው። ግራሶ ማለት በሳሙና ተይዞ የረጋ ዘይት ነው፤ ጠባዩን የሚወስነውም ሳሙናው ነው። በኖራ ሳሙና የተሠራው ውሃን ይቋቋማል፤ ነገር ግን ሙቀት ሲበዛ ይፈርሳል። በሶዳ ሳሙና የተሠራው ሙቀትን ይችላል፤ ነገር ግን ውሃ ያሟሟዋል። ስለዚህ በቀድሞው ዘመን የዓባይን ቁልቁለት የሚችለው ግራሶ በክረምቱ ጎርፍ ይሸነፍ፣ ጎርፉን የሚችለውም በቁልቁለቱ ይሸነፍ ነበር። ሁለቱንም በአንድነት የሚችለው በሊቲየም ሳሙና የሚሠራው ግራሶ የፈጠራ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። ፈጣሪው አሜሪካዊው ክላረንስ ኧርል ነበር። ይህ ግራሶ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም ላይ ተሠራጭቶ ጥገናውን አቀለለው። ሆኖም አንድ ስሕተት አላስቀረም፤ ይኸውም አሮጌው ሳይታጠብ አዲሱን በላዩ መጨመር ነው። ጠባያቸው የማይስማማ ሳሙናዎች ሲቀላቀሉ ግራሶው ይላላና ይፈሳል፤ የሚገኘው ውጤትም ካለመቀባት አይሻልም።

የእጅ ሥራው

የኩሽኔታ ጥገና ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ንጽሕናና ትዕግሥት ነው። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ግንድ ወይም ድንጋይ ከተደገፈ በኋላ እግሩ በእጅ ይዞራል። የሚሰማው ድምፅ የሚያንጎራጉር ወይም የሚያንቋቋ ከሆነ፣ እግሩም ከላይና ከታች ሲነቀነቅ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ውስጡ መታየት አለበት። ከዚያ ክዳኑ ይነሣል፣ የዳዶው መቆለፊያ ሽቦ ይወጣል፣ ዳዶው ይፈታል፣ የውጪውና የውስጡ ኩሽኔታ ይወጣሉ። አሮጌው ግራሶ በናፍጣ ወይም በነጭ ጋዝ ታጥቦ እስኪጠራ ድረስ ይለቀቃል፤ ከዚያም ዕቃው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደርቃል። በአየር ፓምፕ እየነፉ ኩሽኔታን በባዶው ማሽከርከር በጋራዥ ውስጥ እንደ ጨዋታ ቢታይም አደገኛ ነው፤ ያለ ቅባት የሚበር ብረት ራሱን ይፍቃል፣ አልፎ ተርፎም ተበታትኖ ሰው ያቆስላል።

የጥገናው ዋና ነገር ግን ከታጠበ በኋላ የሚደረገው ምርመራ ነው። ጥርሶቹና የሚንከባለሉበት ቀለበት ወደ ብርሃን ተይዘው ይታያሉ። ጭጋግ የመሰለ ጥቁረት ውሃ እንደ ገባ ይናገራል። ሰማያዊ ቀለም ከመጠን በላይ እንደ ጋለ ይናገራል። በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጠባሳዎች ዕቃው በመዶሻ እንደ ተመታ ይናገራሉ። እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ ጉድጓድ ከታየ ኩሽኔታው ገጥቧልና ከነቀለበቱ ይለወጣል፤ የገጠበ ብረት እንደ ከብት ጀርባ በዕረፍት አይድንም። ደኅና የሆነው ደግሞ ግራሶ በመዳፍ ተይዞ በሌላው ወገን እስኪወጣ ድረስ በጥርሶቹ መካከል ይጠቀጠቃል። ማሸጊያው ላስቲክ ግን ደኅና ቢመስልም በአዲስ መተካት አለበት፤ ከኩሽኔታው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ኢምንት ነው።

መጨረሻ የሚመጣው ማጥበቅ ነው። ብዙ ኩሽኔታ የሚጠፋውም በዚህ ነው። ጀማሪ መካኒክ ዳዶ ሁሉ እስከ ጉልበቱ መጨረሻ መጥበቅ ያለበት ይመስለዋል። ሾጣጣ ኩሽኔታ ግን እግሩ እየዞረ ይጠብቅና ጥርሶቹ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ዳዶው ትንሽ ይላላል፤ ከዚያም በአዲስ ሽቦ ይቆለፋል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይግላል፤ ከመጠን በላይ ከላላ ይወዛወዛል። የባለሙያው እጅ በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚያውቀው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከልምድ ነው።

ይህን ልምድ በመንገድ ላይ የሚጠብቀው ረዳቱ ነው። መኪናው ለምሳም ሆነ ለኬላ በቆመ ቁጥር ረዳቱ ወርዶ ጎማውን ይመታል፤ የእጁንም ጀርባ ወደ እያንዳንዱ እግር እምብርት ያስጠጋል። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ጉዞው አይቀጥልም። የሙቀት መለኪያ የሌለው ይህ ፍተሻ ትንሽ ቢመስልም፣ በዓባይ ቁልቁለት ላይ የእግር መንቀል ማለት የመኪናውና የተሳፋሪው ሁሉ መጥፋት ሊሆን እንደሚችል ሲታሰብ ትልቅ ነው። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የእርሻ መኪናና የብረታ ብረት ሙያን በትምህርት መልክ ማስተማር ጀመረ። ይሁን እንጂ በመንገድ ዳር ጋራዥ የሚሠራው አብዛኛው ሰው ሙያውን የተማረው ከረዳትነት ጀምሮ፣ አጣቢ ሆኖ፣ ቁልፍ አቀባይ ሆኖ ነው። ለሥራው የተጻፈ መዝገብ የለውም፤ መዝገቡ ያልተገለበጠው መኪና ነው።

የጋሪው እግር

የኩሽኔታ ታሪክ በጎጃም ከመኪናው ጋር አያበቃም። ከመኪና የወጣ አሮጌ ኩሽኔታ፣ አሮጌ ጎማና በብየዳ የተሠራ አክሰል ተገጣጥመው የፈረስ ጋሪ ይሆናሉ። በጎጃም ከተሞች ባለሦስት እግሩ ባጃጅ ከመስፋፋቱ በፊት ሰውና ዕቃ ከሰፈር ወደ ገበያ የሚመላለሰው በአብዛኛው በእነዚህ ጋሪዎች ነበር፤ ዛሬም እህልና ማገዶ ይጫንባቸዋል። ቲምክን ለበቅሎ ሠረገላ ያሰበው ፈጠራ በአሜሪካ ተወልዶ፣ በመኪና ዓለምን ዞሮ፣ በፍኖተ ሰላም ተመልሶ ከእንስሳ ጋር ተገናኘ።

ነገር ግን ጋሪ ሞተር የለውም። መኪና ኩሽኔታው ሲደርቅ ነዳጅ ይጨምራል፤ ጋሪ ኩሽኔታው ሲደርቅ የሚጨምረው የፈረሱን ሕማም ነው። የደረቀ እግር ሰበቃ ሲበዛ ፈረሱ በደረቱና በትከሻው ላይ ያለውን ጠፍር እየገፋ ይስባል፤ ጠፍሩ በሚያርፍበትም ስፍራ ይቆስላል። ባለጋሪው ስለ ፈረሱ ሰነፍነት ሲያማርር ጥፋቱ ያለው ከእግሩ እምብርት ውስጥ ሊሆን ይችላል። አንድ እፍኝ ግራሶና የአንድ ሰዓት ሥራ ለፈረሱ ከአንድ ቁና ገብስ የማያንስ ጥቅም የሚሰጥበት ጊዜ አለ። በዚህም የሲራራ ነጋዴው ደንብና የመካኒኩ ደንብ አንድ ሆኑ፤ ገጣባን ለመከላከል ኩሽኔታን መቀባት ተገባ።

ከዛሬው ጋር

በአሁኑ ዘመን ነገሩ መልኩን ለውጧል። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ትልቅ የዘይት ፋብሪካ ተመርቆ ሥራ ጀምሯል፤ ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወስደውም መንገድ የጎጃምን ጭነት ከወለጋ ጋር ያገናኛል። በ2017 ዓ.ም. ጣናነሽ ፪ የተባለችው ትልቅ ጀልባ ብዙ እግር ባለው ተሳቢ ተጭና ከጅቡቲ ወደብ ወደ ጣና ሐይቅ ጉዞ ስትጀምር፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ ያየው ጀልባዋን ነበር። የሙያው ሰው ግን ከጀልባዋ በታች ይመለከታል። ባሕር የሌለው አገር መርከብ በየብስ ሲያስጉዝ፣ የመርከቡ ክብደት ሁሉ የሚያርፈው በእነዚያ እግሮች እምብርት ላይ ነውና። ከጋፋት እስከ መቅደላ ግማሽ ዓመት የፈጀው የሰው ጉልበት ትግል በዚህ ዘመን በጥርሶችና በግራሶ ተተክቷል።

በአንጻሩ ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ተዘግቶ የሚመጣ፣ ግራሶው በፋብሪካ የተሞላና የማይፈታ ኩሽኔታ ይዘው ይመጣሉ። እንዲህ ያለው ኩሽኔታ ሲያልቅ ይጣላል እንጂ አይታጠብም። ይህ ለተጠቃሚው ምቹ ነው። ነገር ግን ዕቃው ከሩቅ አገር በውጭ ምንዛሪ ለሚመጣለት አገር ጥያቄ ያስነሣል። በአጣቢነት ሙያውን ይማር የነበረው ወጣት የሚከፍተው ነገር ካጣ፣ ብረትን ወደ ብርሃን ይዞ የማንበብ ችሎታ ከማን ሊወርስ ይችላል? ከባዱ የጭነት መኪና፣ ተሳቢውና ጋሪው ግን ዛሬም የሚፈታ ኩሽኔታ አላቸው። ስለዚህ ሙያው ገና አላለፈም፤ ሊጻፍና በሥርዓት ሊማሩት የሚገባ ሙያ ነው።

ፍኖተ ሰላም ማለት የሰላም መንገድ ማለት ነው። የመንገድን ሰላም ብዙ ነገር ያጓድለዋል፤ ከብዙዎቹም ላይ የባለሙያ እጅ አይደርስም። ከእግሩ እምብርት የሚመጣውን ግን በአንድ ጣሳ ንጹሕ ግራሶ፣ በአንድ አዲስ ማሸጊያና እጁን ወደ እግሩ ማስጠጋት በማይታክተው ረዳት መከላከል ይቻላል።